የቄስ አካለ ወልድ አፍንጫ

ሞጣ፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ አካለ ወልድ፤

መስቀልህን ከዚሁ ሆኜ ተሳልሜአለሁ። ፋንታነሽንና ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ቀን በሽተኛ ሳክም እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። የሞጣ ባልቴቶች ከአንተ ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

በደብዳቤህ ግርጌ፣ ሰላምታው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ «የበሰበሰ ሽታ ከአፍንጫ የሚያጠፋ ጠብታ ይኖርሽ ይሆን?» ብለኸኛል። ጠብታስ አለኝ። ለማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? አንዱንም አልጻፍህም። ነርስ እኅት ያለችው ሰው እንዲህ አድርጎ መድኃኒት አይጠይቅም። ስለዚህ አልላክሁልህም።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ስል አንድ የቢቸና የበርበሬ ነጋዴ መርፌ ሊወጋ መጣ። ስሜን ሲሰማ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። «የኃጢአት ሽታ የሚለዩት የቄሱ እኅት አንቺ ነሽ?» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት አንዲት በቁርባን ያገባች ሴት ልትቆርብ ስትቀርብ አሽትተህ ከመቅደሱ በር እንደ መለስሃት ነገረኝ። መርፌውን በንዴት ነው የወጋሁት፤ ሰውዬው ምን በደለ።

አካለ፣ አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ነጋዴው ያወራው እውነት ነው? ሴትዮዋ ማን ናት? አሁንስ የት ነው ያለችው? የጠብታው ባለቤትስ አንተው አይደለህም? ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እኅትህ አገሬ


ቢቸና፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፤

እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ። ፋንታነሽ የላክሽላት ሻሽ ደርሷት አመስግናለች።

አዎን፣ ጠብታው ለእኔ ነው። ሳላስረዳ ስለጠየቅሁሽ ይቅር በይኝ፤ በወረቀት ላይ ማስፈር አሳፍሮኝ ነው። የጀመረኝ ከመስቀል ጉንፋን በኋላ ነው። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ሽታው ግን ቀረ። እርጥብ ጎተራ ውስጥ የሞተ አይጥ ዓይነት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። መጀመሪያ ቤቱን ጠርጥሬ መደቡን ሁሉ አስፈረስሁ፤ ፋንታነሽ እስከ ዛሬ ታማርረኛለች። ምንም አልተገኘም። ከእኔ በቀር ለማንም አይሸትም።

ሴቲቱ ደስታነሽ ትባላለች። ይርሳው ከሚባል ገበሬ ጋር በቁርባን ያጋባኋቸው እኔው ራሴ ነኝ። የአስተርዮ ዕለት ባልና ሚስት አብረው ቀረቡ። ለእሱ አቀበልሁት። ወደ እሷ ስደርስ ሽታው መጣ፤ እንደዚያ ብሶብኝ አያውቅም። ቅዱስ ሥጋው በእጄ ነው፤ ምን ላድርግ? እጄን መለስሁ። እሷ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች።

እኔ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ሕዝቡ ግን ራሱ ተረጎመው። በቁርባን ያለች ሚስት ከመቅደስ በር ከተመለሰች ሌላ ወንድ አውቃለች ከማለት በቀር ምን ይባላል? ይርሳው በዚያው ቀን ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ዳግም ትንሣኤ ባለፈ ማግሥት ሽማግሌ ተቀምጦ ጋብቻቸውን ያፈርሳል።

የደብራችን አለቃ ገብረ ክርስቶስ «የጥንት አባቶች ኃጢአትን በማሽተት ይለዩ ነበር፣ ጸጋህን አትናቅ» ብለውኛል። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከድቁና ጀምሬ ስቀድስ ኖሬ ማንም ልብ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግማሹ በመንገድ ሲያየኝ ዞር ብሎ ያልፋል፣ ግማሹ ደግሞ ተጠግቶ «እኔስ አባ?» ይለኛል።

ወንድምሽ አካለ ወልድ


ሞጣ፣ መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ቁጣዬ እስኪበርድ ብዬ መልሱን አቆየሁት፤ አልበረደም።

ጸጋ ነው ትለኛለህ። ጸጋ ከሆነ ለምን ጠብታ ጠየቅኸኝ?

ከባሕር ዳር በሽተኛ ሊያይ የመጣ ሐኪም ነበር፤ የማን ነገር እንደ ሆነ ሳልነግረው ጠየቅሁት። የሌለ ሽታ የሚሸተው ሰው ብዙ ነው አለኝ። አንዳንዱ ጉንፋን ከለቀቀው በኋላ ከጉንጩ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። አንዳንዱ አፍንጫው ውስጥ ሥጋ ይበቅልበታል። የበሰበሰ ጥርስም ያመጣዋል፣ ጠንካራ መድኃኒትም፣ ለወባ የሚረጨው ዲዲቲም፣ ከባድ ኀዘንም። ራሱን የተመታ ሰው ላይም ይደርሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ደግሞ ሊጥለው ሲል አስቀድሞ ይሸተዋል። ከሁሉ የሚከፋው በአንጎል ውስጥ እጢ ሲኖር ነው።

ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ሳለህ ከአባታችን በቅሎ ወድቀህ ሙሉ ቀን ሳትናገር መዋልህን ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። ሌላው ሁሉ ይቆየኝ፣ እኔን ያስፈራኝ ጭንቅላትህ ነው። ስለዚህ ለፋንታነሽ አንብብላት፦ እያወራህ ድንገት ፍዝዝ ብለህ ትቀር እንደ ሆነ፣ ከንፈርህን ያለ ምክንያት ታላምጥ እንደ ሆነ፣ በእንቅልፍህ ትንፈራገጥ እንደ ሆነ ትጠብቅህ። ምግብህንም ጻፍልኝ፣ ምን ትበላለህ፣ እንዴት ትበላለህ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እስኪጠራ ድረስ ግን ያቺ ልጅ በአባቷ ቤት አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ? ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ምክንያቱን አገኘዋለሁ። ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል? ወይስ አፍንጫህ ከነገረህ ወዲያ መጠየቅ አያስፈልግም?

አገሬ


ቢቸና፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፤

ያስፈራሽኝን ያህል ያስፈራኝ ሰው የለም። ይሁን፣ ለእኔ ብለሽ ነው።

ፋንታነሽ ትእዛዝሽን ከሚገባው በላይ ፈጽማለች። ሌሊት መብራት አስጠግታ ታየኛለች። ቀን በልቤ ዳዊት ስደግም ፈዘዘ ብላ ጎኔን ትቆነጥጠኛለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘችው ማንኮራፋቴን ነው። ፍዘትም መንፈራገጥም የለም። ዲዲቲ ረጪዎቹም ወደ እኛ ደጋ አይመጡም፤ መድኃኒት ከአንቺ እጅ ሌላ ወስጄ አላውቅም። ስለ ምግብ ለጠየቅሽኝ፣ በጾም ምን ይበላል? ሽሮና ቆሎ ነው። ቆሎውን በግራ በኩል አኝካለሁ፤ በቀኝ የላይኛው መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ካለቀ ቆይቷል፣ ግን አያመኝም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባለፈው ሰሞን አስጠርቶኝ ነበር። ቄስ ለክፉ እንጂ ለደግ አይጠራም ብዬ ንስሐዬን ጨርሼ ሄድሁ። ለካ ከመጋዘኑ የማዳበሪያ ጆንያ ጠፍቶ ኖሯል። ዘበኞቹን አሰልፎ «አባ፣ አንድ በአንድ ያሽትቱልኝ፣ ለአብዮቱም ይጠቅማል» አለኝ። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሳልጠጋው ወደ ኋላ ያፈገፍግ ነበር። አይሆንም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም፤ ያ ያፈገፈገው ሰው ዓይኔ ላይ ነው።

ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። በሽታ ሰው አይመርጥም። የአስተርዮ ዕለት ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ሕፃናቱ ሁሉ ከእጄ ተቀብለዋል፤ ባሏም ተቀብሏል። ሽታው የመጣው በእሷ ላይ ብቻ ነው። ይህን እስክትፈቺልኝ ድረስ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? አልሄድሁም።

አካለ ወልድ


ሞጣ፣ ሚያዝያ ፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ስለ ጭንቅላትህ የተሳሳትሁ ይመስለኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፋንታነሽን ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ እንቅልፏን መልሳ ትተኛ።

መንጋጋህን ግን እንደ ቀልድ ጣል አድርገኸው አለፍህ። የላይኛው ጥርስ ሥር የሚደርሰው እስከ ጉንጭ አጥንት ነው። እዚያ አጥንቱ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ፤ እኛ ሳይነስ እንለዋለን። ጥርሱ ሲበሰብስ መግሉ ወደዚያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስላላመመህ ደኅና ነኝ ብለህ ተቀመጥህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አይደል የሚባለው? ሥሩ እሱ ይመስለኛል።

እሷን ብቻ ለምን መረጠ ላልኸኝ መልስ የለኝም። ብዙ አስቤአለሁ፣ አልመጣልኝም። ይህ ግን አንተን ትክክል አያደርግህም፤ እኔ ገና አላገኘሁትም ማለት ብቻ ነው። አንተም ፈልግ። ሽታው ሲመጣ ምን እያደረግህ እንደ ሆነ፣ ቆመህ ይሁን ተቀምጠህ፣ በየትኛው አፍንጫህ እንደ ሆነ ልብ በል። አንዱን ቀዳዳ በጣትህ ይዘህ ሞክር።

ጥርሱን እዚህ የሚነቅልልህ ጎበዝ ሰው አለ። ከፋሲካ በፊት ና ብልህ ደም የፈሰሰው ካህን መቅደስ አይገባም፣ ሰሙነ ሕማማት ነው ትለኛለህ። እሺ። የፋሲካ ማግሥት ግን እጠብቅሃለሁ።

አገሬ


ቢቸና፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ልጆቹ ዶሮ ጠግበው ተኝተዋል፤ እኔ መብላት አልቻልሁም፣ ለአንቺ እጽፋለሁ።

እንዳልሽኝ ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አለቃ ገብረ ክርስቶስ ወገባቸውን ስለ ታመሙ የሕዝቡን እግር እንዳጥብ እኔን አዘዙኝ። ለመጀመሪያው ሰው ጎንበስ ስል ሽታው መጣ። በልቤ «ይህ ደግሞ ምን አድርጎ ይሆን?» አልሁ። ለሁለተኛውም መጣ፣ ለሦስተኛውም። የአለቃን እግር ሳጥብ እንዲያውም ባሰ፤ ኃጢአት ነው እንዳልል እኚህ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ዳዊት ናቸው። በመጨረሻ አንዲት እናት ገና መሄድ ያልጀመረ ሕፃኗን አቀረበችልኝ። ትንሿን እግሩን በእጄ ይዤ ጎንበስ አልሁ። እሱም ሸተተኝ።

ሕፃን ምን ኃጢአት አለው? ቀና አልሁ፣ ሽታው ጠፋ። ደግሜ ጎንበስ አልሁ፣ ተመለሰ። ሰው ሕፃኑን የምባርክ መስሎት ያየኛል፤ እኔ እንደ ውኃ ቀጂ እየጎነበስሁ እየተነሣሁ ነው። የቀኙን አፍንጫዬን ስይዘው ሽታው የለም።

አሁን አንድ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። በዐቢይ ጾሙ ስሰግድም ይመጣብኝ ነበር። ያንን የራሴ ኃጢአት ነው ብዬ ያዝሁት፤ ስለዚህ አልጻፍሁልሽም።

የአስተርዮን ነገር አሰብሁት። ደስታነሽ አጭር ናት፣ እትዬ። እኔን አንቺው ባሕር ዛፍ ትይኝ የለ? ይርሳው በቁመት ይስተካከለኛል። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ቀና ብለው ይቀበላሉ፤ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ከፍ አድርገው ያቀርቧቸዋል። እሷ ግን እጆቿን አመሳቅላ፣ አንገቷን ሰብራ ነው የቀረበችው። ያን ዕለት ጎንበስ ያልሁት ለእሷ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት ቤቷን አፈረስሁባት። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

ለአለቃ ነገርኋቸው። «ዝም በል» አሉኝ። «ካህን በመቅደስ በር ተሳሳተ ከተባለ በዚህ ዘመን ማን ያምነናል? ካድሬዎቹ ይህንን ነው የሚፈልጉት» አሉኝ። አልሰማኋቸውም፤ ለሕዝቡ እናገራለሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

አካለ ወልድ


ሞጣ፣ ሚያዝያ ፳፩ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህን ያመጣው ሹፌር ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አላረዝምም። ስላለቀስህ ደስ ብሎኛል፤ ክፉ እኅት ካልኸኝ በለኝ።

ምክሬን ከጠየቅህ፣ መጀመሪያ ና ጥርሱን ንቀል። ሽማግሌዎቹን ለጥቂት ሳምንት ቀጠሮ አስለውጣቸው። ሽታው ሲጠፋልህ ያን ጊዜ በሙሉ አፍህ ትናገራለህ። እኔ ስለ ጭንቅላትህ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ስለ ጥርሱም ብሳሳትስ? ተናግረህ፣ ጥርሱም ወጥቶ፣ ሽታው ቢቀጥል ለእሷ ዳግመኛ ሞት ነው። ማስረጃ ሳትይዝ ሕዝብ ፊት አትቁም።

ፔኒሲሊኑንም መንቀያውንም አዘጋጅቻለሁ።

አገሬ


ቢቸና፣ ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለእትዬ አገሬ፤

ማክሰኞ በሚነሣው መኪና እመጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ይቅደመኝ። ምክርሽን ለምን እንዳልተቀበልሁ ከጥርስ ነቃዩ መቀመጫ ላይ አፌን ከፍቼ ልነግርሽ ስለማልችል አሁን ልጻፈው።

ቀጠሮውን ማስለወጥ አልተቻለም። ስለዚህ ዳግም ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆምሁ። «ሽታው የመጣው ከእኔ መንጋጋ ነው። ደስታነሽ ምንም አልበደለችም፤ የበደልኋት እኔ ነኝ» አልሁ። ሕዝቡ እፎይ ይላል ብዬ ስጠብቅ ተቆጣ። አንዱ አባቷ በግ ሰጥቶት ነው አለ፣ ሌላው ካድሬዎቹ አስፈራርተውት ነው አለ። አንዲት ባልቴት እጄን ይዛ «አባ፣ ጸጋህን አትካድ» እያለች አለቀሰች። ጸጋ ማጣት ከባድ ነው እትዬ፤ ለእነሱም ከበዳቸው። አለቃ እስከ ዛሬ አላናገሩኝም።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ይርሳው ቃሌን ሰምቶ ስለነበር የሚፈርስ ነገር የለኝም ብሎ በቅሎ ጭኖ ሊወስዳት ሄደ፤ እኔም ይቅርታ ልጠይቅ አብሬው ሄድሁ። በአባቷ ደጅ ሁለታችንንም አስቆመችን። መሬት ወድቄ ይቅርታ ለመንኋት። ሳታነሣኝ ወደ ባሏ ዞረች።

«ያን ጊዜ የቄስ እጅ አይተህ ሰደድኸኝ፤ አሁን የቄስ ቃል ሰምተህ መጣህ» አለችው። «እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?»

ይርሳው የበቅሎውን ልጓም ያስተካክል ጀመር። አንቺ ይህንኑ መጋቢት ላይ ጽፈሽልኝ ነበር።

ከዚያ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ጥርስዎን ሊነቀሉ ሞጣ ይሄዳሉ አሉ። ከዚያ በፊት በዚያው በር ያቀብሉኝ። ተነቅለው፣ ሽታው ከጠፋልዎት በኋላ ብቆርብ፣ ሰዉ ንስሐ ገብታ ነው የነጻችው ይላል። እኔ የምገባበት ንስሐ የለኝም። ሽታው እያለ ያቀብሉኝ።» ወደ ቤቷ ትመለስ አትመለስ እንደ ሆነ አባቷ ቢጠይቃት፣ እሱን ከቆረብሁ በኋላ አስብበታለሁ አለች።

እንደ እሷ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም። እሺ አልኋት።

የልደታ ማርያም ዕለት ከአባቷ ጋር መጣች። ይርሳው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ ግማሹ ለጸሎት፣ ግማሹ ሊያይ ነው የመጣው። አለቃ በበሩ ጥግ ቆመው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሌላው ተቀብሎ ሲያልቅ ብቻዋን ቀረበች። ጎንበስ አልሁላት። ሽታው መጣ፤ ከአስተርዮውም የባሰ ነበር፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ። ትንፋሼን ልይዝ አሰብሁና ተውሁት። እንደ ሸተተኝ አቀበልኋት።

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ግን እንደ ሌላው ቆራቢ ወደ ጥግ ፈቀቅ አላለችም። ፊቷን ወደ ሕዝቡ መልሳ፣ እያንዳንዱ እስኪያያት ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

ወንድምሽ አካለ ወልድ